«አዲሲቱ የቀጥቃጮች ከተማ»፦ ስለ ኖቮኩዝኔትስክ ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ስለ ባቡር ሐዲድ ስንጽፍ አንዲት የሳይቤሪያ ከተማ በአንድ መስመር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ኖቮኩዝኔትስክ። «ረጃጅም ሐዲድ የሚሠራባት ከተማ» ብለን ነው ያለፍናት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አላባራም። አንድ አንባቢማ ፒያሳ ያለው ቢሯችን ድረስ መጥቶ «ስሟን ጠርታችሁ ዝም ትላላችሁ እንዴ?» አለን። እውነቱን ነው። እንግዲህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ የሷ ይሁን። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ የታሪክ ተማሪ ነኝ። የከተማዋ ስም ምን ማለት ነው? የቆረቆሯት ሶቪየቶች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ልክ ነው? (ከአራት ኪሎ)

ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ። «ኩዝኔትስ» በሩሲያኛ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። «ኖቮ» ደግሞ አዲስ። ስሟን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አዲሲቱ የቀጥቃጮች ከተማ» እንደማለት ነው። ፋብሪካውን አይተው ያወጡላት ስም እንዳይመስልህ። ስሙ ፋብሪካውን በ300 ዓመት ይቀድመዋል።

በ1618 ከቶምስክ የመጡ ኮሳኮች፣ ማለትም ለሩሲያ ንጉሥ የሚዘምቱ ፈረሰኛ ወታደሮች፣ ቶም በሚባለው ወንዝ ዳር ከእንጨት ምሽግ ሠሩ። የመጡት ግብር ፍለጋ ነው፤ ግብሩም የሚከፈለው በውድ የአውሬ ቆዳ ነበር። በአካባቢው ጫካና ተራራ ሾር የሚባል ሕዝብ ይኖር ነበር፣ ዛሬም አለ። ሾሮች ያድኑ ነበር፣ ከዚያ በላይ ግን ብረት ያቀልጡ ነበር። ድንጋዩን ከተራራው ያወጡና፣ በትንሽ ምድጃ በእንጨት ከሰል አቅልጠው፣ ድስትም ጦርም ይሠሩበታል። ሩሲያኖቹ «ቀጥቃጭ ታታሮች» አሏቸው። ምሽጉም በነሱ ሙያ ኩዝኔትስክ ተባለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አገር ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ባለ እጅ የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ኖሯል። ማረሻችንን የሚሠራልንን ሰው፣ ማጭዳችንን የሚስልልንን ሰው፣ ቡዳ ነው ብለን ከማዕዳችን ስናርቀው ኖረናል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. (ይሄ የኛው አቆጣጠር ነው) ሠራተኛን በሙያው መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ሾሮቹ ተከበሩ እያልኩህ አይደለም። ግብር ገባር ተደረጉ፣ ሙያቸውም ከጊዜ ጋር ጠፋ። ግን ግማሽ ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት ከተማ ዛሬም በቀጥቃጭ ስም ትጠራለች፣ ማንም አያፍርበትም። ከቢሮ ወጥቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን መድፍ አምሳያ አያለሁ። የንጉሡን ስም ሁላችንም እናውቃለን። መድፉ በተሠራበት በጋፋት ከአውሮፓውያኑ ጋር ሆነው ወናፍ የነፉት ያገሬው ሰዎች ስም ግን አደባባዩ ላይ የለም። ይሄ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ የታሰረው እዚያ ነው? (ከካዛንቺስ)

አይደለም፣ የታሰረው ኦምስክ ነው። ኩዝኔትስክ የተሞሸረባት ከተማ ናት። ከእስር ወጥቶ ሴሚፓላቲንስክ ወታደር ሳለ ማሪያ ኢሳዬቫ የምትባል ባለትዳር ሴት ወደደ። እሷ ከባሏ ጋር ወደ ኩዝኔትስክ ሄደች፣ ባሏ እዚያ ሞተ፣ በ1857 የካቲት አካባቢ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ያኔ ከተማዋ ከአንድ መለስተኛ የገጠር ቀበሌ አትበልጥም ነበር። ዛሬ በስሙ ሙዚየም አላት።

ጥያቄ፦ መርካቶ ብረት ነው የምነግደው። ትንሽ መንደር በአጭር ጊዜ ትልቅ ከተማ ሆነች ይባላል። ገንዘቡ ከየት መጣ? ሰዉስ? ደግሞስ ከባሕር እንዲህ ርቆ ፋብሪካ መትከል ምን የሚሉት ነገር ነው?

ጋሼ፣ የነጋዴ ጥያቄ ነው የጠየቁት፣ ደስ ብሎኛል። ከመጨረሻው ልጀምር።

ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ከሰሉ እዚያ ስላለ ነው። በ1721 ሚካይሎ ቮልኮቭ የሚባል ሰው ከከተማዋ በስተሰሜን፣ በዚያው በቶም ወንዝ ዳር የድንጋይ ከሰል አገኘ። በ1842 ደግሞ ፒዮትር ቺካቾቭ የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ አገሩን ዞሮ አይቶ «የኩዝኔትስክ የከሰል ተፋሰስ» የሚል ስም ሰጠው። በአጭሩ ኩዝባስ ይሉታል። ዛሬ ከሩሲያ ከሰል ግማሽ ያህሉ የሚወጣው ከዚያ ነው። ታዲያ ከሰል ሁሉ ብረት አያቀልጥም። ኮክ የሚሆን ከሰል ያስፈልጋል፣ ኩዝባስ እሱ ሞልቶታል።

ኮክ ምንድን ነው ለሚል፣ የኛን ከሰል አክሳይ ያስበው። እንጨቱን ከምሮ አፈር ያለብሰዋል፤ አየር ከገባው አመድ ይሆናላ። ካልገባው ውሃውና ጭሱ ወጥቶ ንጹሕ ከሰል ይቀራል። ኮክም እንደዚያው ነው፣ የሚታፈነው የድንጋይ ከሰል ከመሆኑ በቀር። አየር በማይገባበት ምድጃ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲጋገር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ጠንካራ፣ ግራጫ ነገር ይሆናል። ጥንካሬው ነው ዋናው ቁም ነገር። ማቅለጫው ቁመቱ እንደ ፎቅ ነው፣ ከላይ ማዕድኑ ተጭኖበት የማይፈርስ፣ ከታች የሚነፋው ትኩስ አየር በመሐሉ የሚያልፍ ነዳጅ ይፈልጋል። ተራ ከሰል ቢያስገቡበት ይደቅና ምድጃውን ያፍነዋል።

ከሰሉ አለ፣ ማዕድኑስ? ብዙው የብረት ማዕድን ያለው ኡራል ተራሮች፣ ማግኒቶጎርስክ ላይ ነው። ርቀቱ ከ2 ሺህ ኪ.ሜ. በላይ። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ያለውን ሐዲድ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ማለት ነው። የሶቪየት መንግሥት ያሰበው እንዲህ ነው፦ ባቡሩ ከኡራል ማዕድን ጭኖ ወደ ምሥራቅ ይምጣ፣ ሲመለስ ባዶውን አይሂድ፣ ከሰል ጭኖ ይመለስ። በሁለቱም ጫፍ ፋብሪካ ይኑር። እርስዎ ጅቡቲ የሚሄድ መኪና ባዶውን ሲሄድ ስንት እንደሚያከስር ያውቁታል፣ ስለዚህ ሐሳቡ ይገባዎታል። ቢሆንም ርቀቱ ውድ ነበር፤ ለዚህ ነው በኋላ በስተደቡብ ባሉት የሾሮች ተራሮች ማዕድን ፈልገው እስከ ታሽታጎል ድረስ ሐዲድ የዘረጉት። ሌላ ምክንያትም ነበራቸው። አሮጌዎቹ የብረት ፋብሪካዎች ዩክሬን ውስጥ ናቸው፣ ለምዕራቡ ድንበር ቅርብ። ጦርነት ቢመጣ መጀመሪያ የሚያዙት እነሱ ናቸው። እንደፈሩትም ሆነ፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ግንባታው በ1929 ተጀመረ። ፕላኑን ያወጣው ፍሬይን የሚባል የቺካጎ የምህንድስና ድርጅት ነው። አዎ፣ የአሜሪካ ድርጅት ለስታሊን መንግሥት። የመኖሪያ ሰፈሩን ንድፍ የሠራው ደግሞ ኤርንስት ማይ የተባለ ጀርመናዊ አርክቴክት ነበር። ዋና መሐንዲሱ ሩሲያዊው ኢቫን ባርዲን ነው፤ በወጣትነቱ አሜሪካ ብረት ፋብሪካ ውስጥ በጉልበት ሠራተኛነት የሠራ ሰው፣ በኋላ የሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን የደረሰ። ኤፕሪል 3 ቀን 1932 የመጀመሪያው ብረት ከማቅለጫው ፈሰሰ። በዚያው ዓመት ስቲሉም ሐዲዱም ተከተለ። ሦስት ዓመት! በዚህ ፍጥነት የሚደነቅ ሰው አይፈረድበትም፣ እኔም መጀመሪያ ሳነብ ተደንቄአለሁ።

ገንዘቡ ከየት መጣ ላሉት፣ ከገበሬው ጎተራ ነው የመጣው። የውጭ ማሽንና የውጭ መሐንዲስ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሶቪየት ኅብረት ምንዛሪ የምታገኘው እህል፣ እንጨትና ሌላም ጥሬ ዕቃ ሸጣ ነበር። እህሉ ከገበሬው በግድ ተሰበሰበ። በ1932 እና በ1933 ዩክሬን፣ ካዛክስታንና ቮልጋ አካባቢ ሚሊዮኖች በረሃብ ሲያልቁ እህል ወደ ውጭ መውጣቱ አልቆመም። ይሄን ትቶ የፋብሪካውን ቁመት ብቻ የሚያወራ ታሪክ ለኔ ታሪክ አይደለም።

ሰዉስ? በ1926 ቆጠራ ኩዝኔትስክ ውስጥ የነበረው ወደ 4 ሺህ ሰው ነው። በ1939 ወደ 166 ሺህ። አርባ እጥፍ በአሥራ ሦስት ዓመት። ከዚህ ውስጥ በፍላጎቱ የመጣ አለ፤ ወጣት ነው፣ ካገሩ ወጥቶ ሙያ ሊማር፣ አዲስ ዓለም እንገነባለን ብሎ ከልቡ አምኖ። ከኅብረት እርሻ ሸሽቶ እንጀራ ፍለጋ የመጣም አለ። በግድ የተጋዘውም ብዙ ነው። «ኩላክ» ማለትም ሀብታም ገበሬ ተብሎ፣ ሁለት ላም ስላለው ብቻ ከነልጆቹ በከብት መጫኛ ባቡር ተጭኖ የተራገፈ። ብዙ ሺህ ቤተሰብ ነው።

የኖሩበትን ልንገርዎት። የሠራተኛው ሰፈር ስሙ ሳድ ጎሮድ ነበር፣ «የአትክልት ከተማ» ማለት ነው። ቤቱ ግን ጉድጓድ ነው። መሬቱን ቆፍረው፣ ግድግዳው ያው አፈሩ፣ ከላይ እንጨት ረብርበው አፈር መልሰው፣ መሐል ላይ የብረት ምድጃ። ብርዱ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሚወርድበት አገር ነው። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ቁፋሮውም አብዛኛው በእጅ ነበር፤ አካፋ፣ ዶማ፣ አፈር የሚያመላልስ የፈረስ ጋሪ። ማሽን ጥቂት ነው። የአሜሪካ ፕላን፣ የገበሬ አካፋ። እርስዎ መደብር ውስጥ ብረት ሲመዝኑ ኪሎውን ነው የሚያዩት። የዚያ ከተማ ብረት ኪሎው ውስጥ የማይገባ ብዙ ነገር አለበት።

ጥያቄ፦ በኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ሶቪየት ኅብረት ተምሬአለሁ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «የተወለድኩት ስታሊንስክ ነው» ይለኝ ነበር፤ ካርታ ላይ ግን አጣሁት። ይቺው ናት? (ከለገሃር፣ ጡረተኛ)

አዎ አባቴ፣ ይቺው ናት። በ1931 ኖቮኩዝኔትስክ ተባለች፣ በ1932 ወዲያው ስታሊንስክ ተብላ አሮጌውን ኩዝኔትስክ ጠቀለለች። በ1961 መጸው የስታሊን አስከሬን ከሌኒን ጎን ወጥቶ ሲቀበር የሷም ስም ተቀየረ። ጓደኛዎ የተወለደው ከዚያ በፊት መሆን አለበት።

ስታሊንስክ እያለች ነው ያ የተፈራው ጦርነት የመጣው። በ1941 የዩክሬን ፋብሪካዎች በጀርመን እጅ ወደቁ። ለሐዲድና ለግንባታ የተሠራው የኩዝኔትስክ ፋብሪካ የታንክ ብረት ወደማቅለጥ ዞረ። ወንዱ ሲዘምት ምድጃው ፊት የቆሙት ሴቶችና አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። ሌኒንግራድ አካባቢ ከቮልሆቭና ከቲኽቪን የአሉሚኒየም ማሽኖች ተነቅለው በባቡር መጡ፣ በጃንዋሪ 1943 እዚያ አሉሚኒየም ወጣ። ያ ፋብሪካ እስከዛሬ አለ።

በ1964 ደግሞ ሁለተኛው ትልቅ የብረት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ዛፕሲብ ይሉታል፣ «ምዕራብ ሳይቤሪያ» ለማለት። እርስዎ በተማሩበት ዘመን ከተማዋ ሁለት ግዙፍ የብረት ፋብሪካ፣ የአሉሚኒየም ፋብሪካ፣ የፌሮአሎይ (ስቲል ሲሠራ የሚጨመር ቅይጥ ብረት) ፋብሪካ፣ በዙሪያዋም የከሰል ጉድጓድ ነበራት። በ1989 ሕዝቧ ወደ 600 ሺህ ደርሶ ነበር።

ጥያቄ፦ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ይሄ ሁሉ ብረትና ከሰል እያለ ዛሬ ከተማዋ ሀብታም ናት? (ከለገሃር አካባቢ)

እህቴ፣ ከተማዋ የምታመርተው ሀብትና ከተማዋ ውስጥ የሚቀረው ሀብት ሁለት የተለያየ ነገር ነው። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

በጁላይ 1989 ሜዥዱሬቼንስክ በምትባል ጎረቤት ከተማ ማዕድን ቆፋሪዎች ከጉድጓድ ወጥተው አንመለስም አሉ። በቀናት ውስጥ አድማው ኖቮኩዝኔትስክንና መላ ኩዝባስን አዳረሰ። ከጥያቄያቸው አንዱ ምን እንደነበር ታውቂያለሽ? ሳሙና። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከሰል ሲቆፍር የዋለ ሰው፣ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው፣ ወጥቶ የሚታጠብበት ሳሙና አጣ። የአገሪቱን ምድጃ ሁሉ የሚያሞቀው እሱ ነው። እኔ ስለዚህች ከተማ ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይሄ ሳሙና ነው።

ከዚያ ሶቪየት ፈረሰች፣ ደመወዝ ለወራት ቀረ፣ አሮጌው ፋብሪካ ኪሳራ ገባ። በኋላ ሁለቱንም የብረት ፋብሪካዎች ኤቭራዝ የሚባል ኩባንያ ያዛቸው፣ በ2011 አንድ ላይ አደረጋቸው። በ1932 ብረት የፈሰሰበት የአሮጌው ግቢ ማቅለጫዎች ዛሬ የሉም። የሐዲድ መሥሪያው ግን ታድሶ ከ2013 ጀምሮ ባለ 100 ሜትር ሐዲድ ያወጣል። ባለፈው የጠቀስነው ይሄን ነው። አንድ ሐዲድ፣ መሐሉ ላይ ብየዳ የሌለው፣ ከኳስ ሜዳ አግድመት በላይ ርዝመት ያለው። መጋጠሚያ ሲያንስ ባቡሩ አይንገጫገጭም፣ ሐዲዱም ይቆያል።

ዋጋውስ? በማርች 2007 ከከተማዋ አጠገብ ኡሊያኖቭስካያ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ 110 ሰው ሞተ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ሲያጣሩ ጋዝ የሚለካው መሣሪያ ሆን ተብሎ እንዲሳሳት ተደርጎ ነበር አሉ፤ ሥራው እንዳይቆም፣ ምርቱ እንዳይቀንስ። በሜይ 2010 ደግሞ ሜዥዱሬቼንስክ ራስፓድስካያ የሚባል ጉድጓድ ውስጥ 91 ሰው ሞተ። አየሩንም ልጨምርልሽ። ኖቮኩዝኔትስክ አየራቸው በጣም ተበክሏል ተብለው መንግሥት መጀመሪያ ልዩ የጽዳት ፕሮጀክት ከያዘላቸው 12 የሩሲያ ከተሞች አንዷ ናት። በ2019 መጀመሪያ ላይ ኩዝባስ ውስጥ በረዶው በከሰል ብናኝ ጠቁሮ ታይቷል።

ከ2022 ወዲህ አውሮፓ የሩሲያን ከሰል መግዛት አቆመ። ወደ እስያ ለመላክ ደግሞ ሐዲዱ ተጨናነቀ፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው ወደቡ ድረስ። የጋሼ የመርካቶው ጥያቄ እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከባሕር መራቅ በጦርነት ጊዜ ጋሻ ነበር፣ በገበያ ጊዜ ዕዳ ሆነ። ሕዝቧም ከ1989ኙ በ60 ሺህ ሰው ያህል ቀንሷል። ሀብታም ናት ወይ ላልሽው፣ ሀብት ያለፈባት ከተማ ብላት ይሻለኛል።

ጥያቄ፦ እኛም ከሰል አለን፣ ብረትም አለን ይባላል። ለምን እንደነሱ አንሠራም? (ከአራዳ፣ ወጣት ኢንጂነር)

ከሰል አለን። ኢሉባቦር ውስጥ ያዩ የሚባል ቦታ አለ፣ ጅማ በኩል ዴልቢና ሞዬ አለ። ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ይጠቀሙበታል። ብረትም ወለጋ ቢቂላል ላይ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን የኛ ከሰል በአብዛኛው ለጋ ነው፣ ይነዳል እንጂ ጠንካራ ኮክ አይወጣውም። ስለዚህ በ1929 የሄዱበትን መንገድ እኛ እንሂድ ብንልም አንችልም። ብንችልም፣ ሰው አግዞ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝቶ የሚሠራ ፋብሪካ አልመኝልህም።

ልንወስድ የሚገባን ሌላ ነገር አላቸው። ማቅለጫው ብረት ሳያፈስ ገና በ1930 የብረት መሐንዲስ የሚያሠለጥን ተቋም ከፍተው ነበር። ፋብሪካው ሲያልቅ ፈረንጆቹ ቢሄዱም ሥራው አልቆመም። እኛ ብዙ ጊዜ ማሽኑን እናስመጣለን፣ ሪባን እንቆርጣለን፣ አንድ ክፍል ሲሰበር ባለሙያ ከውጭ እንጠብቃለን።

የኛ ማዕድን አሁን ያለው ቁራሌው ጆንያ ውስጥ ነው። አቃቂ፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ካሉት ፋብሪካዎች ቁርጥራጭ በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጠው ፌሮ የሚያወጡ አሉ፣ ከውጭ የመጣ ቢሌት (ገና ያልተዳጠ የስቲል ግንድ) የሚድጡም አሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ቁርጥራጭ ሲያቀልጥ ኮክ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የማይቆራረጥ መብራት፣ በደንብ የተለየ ቁርጥራጭና የብረቱን ይዘት ለክቶ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ኢንጂነር ከሆንክ ሥራህ እዚህ ጋ ነው፣ በተለይ መለየቱ ላይ፤ ምክንያቱም መዳብ የተቀላቀለበት ቁርጥራጭ ሲዳጥ የሚሰነጠቅ ብረት ይሰጥሃል።

ይሄን መልስ ከመጻፌ በፊት ምናለሽ ተራ ወርጄ ነበር። አንድ ሰውዬ ከመኪና ሞላ መጥረቢያ እየሠራ ነው። ልጁ ወናፉን ይነፋል፣ ድሮ ቆዳ የነበረው አሁን በኤሌክትሪክ የሚዞር ትንሽ ፋን ሆኗል። ሰውዬው ብረቱን በጉጠት ያወጣል፣ ቀለሙን ያያል፣ ብርቱካን ከሆነ ይመታዋል፣ ቀይ ብቻ ከሆነ ይመልሰዋል። ቴርሞሜትር የለውም፣ ዓይኑ ነው። ሰንዳኑ ክንድ የምታህል ቁራጭ ሐዲድ ናት፣ ላይዋ በመዶሻ ብዛት እንደ መስተዋት ሆኗል። ከየት አመጣሃት አልኩት። «የድሮው ባቡር ነች፣ ካባቴ ነው የወረስኳት» አለኝ። ጎኗ ላይ የሠራት ፋብሪካ ምልክት ነበር፣ ዝገቱን በጣቴ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ላነበው ሞከርኩ። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የቀረው።